መጠቀሙን ብተወውም ክፍያው አልተወኝም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች መካከል ከአዲስ አበባ ዳርቻዎች፣ ከየካ አባዶ፣ ከቆዬ ፈጬ፣ ከገላንና ከለገጣፎ የመጡት በዚህ ሰሞን በአንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተዋል። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ የሚከፍሉትም ለአንድ ድርጅት አይደለም። ሁሉም ግን የማይፈልጉት ወይም መጠቀም ያቆሙት ነገር በየቀኑ፣ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ገንዘባቸውን ሲወስድ እንደኖረ ነው የሚነግሩን። ከመሃል ከተማ ርቆ የሚኖር ሰው ለአንድ ጉዳይ ታክሲ ጠብቆ፣ ወረፋ ይዞ ለመመለስ ግማሽ ቀኑ ስለሚያልቅ፣ የሚቻለውን ሁሉ በስልኩ መጨረስ ይመርጣል። በስልክ የተሰጠ ፈቃድ ደግሞ ሲሰጡት አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ይበቃዋል፤ ሊመልሱት ሲፈልጉ ግን በየት በኩል እንደተሰጠ ማወቅ ይጠይቃል። ለአራቱ ደብዳቤዎች የምሰጠው መልስ በዚሁ ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

ጥያቄ

«ጡረተኛ ነኝ፤ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። በየሳምንቱ የ50 ብር ካርድ እሞላለሁ፤ የምደውለው ግን ለልጆቼና ለእድራችን ጸሐፊ ብቻ ነው። ባለፈው ወር ካርድ በሞላሁ በማግስቱ፣ ለማንም ሳልደውል፣ ሂሳቤ ጎድሎ አገኘሁት። ከብሎካችን ሥር ያለው የሱቅ ልጅ ስልኬን ተቀብሎ መልእክቶቹን ካየ በኋላ ‹አባባ፣ እርስዎ እኮ ሦስት ቦታ ተመዝግበዋል› አለኝ። አንዱ ስለ ጤና ይልካል፣ በቀን 2 ብር ነው፤ ሁለተኛው የእግር ኳስ ወሬ ነው፣ በቀን 1 ብር፤ ሦስተኛው ምን እንደሆነ ልጁም አልገባውም፣ በሳምንት 5 ብር ይወስዳል። እኔ እንዲህ ያለ መልእክት አንብቤም አላውቅም፤ መነጽር አድርጌ እንኳ ፊደሉ ያስቸግረኛል። አልተመዘገብኩም ብዬ ብሟገት ማን ይሰማኛል? የሄደው ገንዘብስ ይመለሳል?»

ጡረተኛ፣ ከየካ አባዶ

መልስ

አባታችን፣ አልተመዘገብኩም ማለትዎን አምናለሁ፤ በዚህ መንገድ የሚመዘገበው አብዛኛው ሰው ሳያውቀው ነውና። በአጭር ቁጥር የሚላኩት እነዚህ አገልግሎቶች የሚዘጋጁት በቴሌኮም ድርጅቱ ሳይሆን በሌሎች ድርጅቶች ነው፤ እነሱ መልእክቱን ያዘጋጃሉ፣ ቴሌኮሙ በመስመሩ ያሳልፋል፣ ክፍያው ደግሞ ከእርስዎ የአየር ሰዓት ላይ ይቆረጣል። ስልኩ ላይ አንዳንድ ጊዜ ያልተጠበቀ ጽሑፍ ድንገት ብቅ ይላል፤ ከሥሩም መቀበያ ቁልፍ አለው። ጽሑፉን ከፊታችን ለማስወገድ ብለን የምንነካው ያ ቁልፍ በእነሱ መዝገብ ላይ «ተስማምቷል» ተብሎ ይያዛል።

ይህን በሌላ ሰው አልሰማሁትም። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ እናቴ ዘንድ ሄጄ ባለ ቁልፍ ስልኳን ብከፍተው ከአንድ አጭር ቁጥር ብቻ የመጡ፣ አንዳቸውም ያልተከፈቱ፣ ከ200 የሚበልጡ መልእክቶች አገኘሁ። ወደ ኋላ እየገፋሁ የመጀመሪያውን ሳገኘው «በተሳካ ሁኔታ ተመዝግበዋል» ይልና የዕለቱን ክፍያ ይናገራል። ቀኑን ስናሰላው የአክስቴ ለቅሶ የነበረበት ሳምንት ሆነ፤ ድንኳን ውስጥ ስልኳ ከእጅ እጅ ሲዞር፣ የመጣው ሁሉ ለዘመድ መርዶ ሲደውልበት የሰነበተበት ጊዜ ነው። ማን እንደነካው ዛሬም አናውቅም። እናቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዕለቱ ትከፍል ነበር፤ ካርድ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅባትም ብዙ ስለምታወራ ይመስላት ነበር። በዚህ ራሷን ስትወቅስ መኖሯ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ወደ እርስዎ ልመለስ። የጻፉልኝን ክፍያ ስደምረው በ30 ቀን 60 ብር ለጤናው፣ 30 ብር ለኳሱ፣ 20 ብር ያህል ደግሞ ለሦስተኛው ይሆናል፤ በድምሩ 110 ብር ማለት ነው። በሳምንት 50 ብር ለሚሞላ ሰው ይህ ከግማሽ ወር ካርድ ይበልጣል። ሂሳብዎ ባዶ ሲሆን መቁረጡ ለጊዜው ይቆማል እንጂ ምዝገባው አይሰረዝም፤ ካርድ በሞሉ ማግስት የጎደለብዎትም በዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ ካርድ ባለመሙላት አይወጡበትም።

የሱቁ ልጅ ደግ ሰው ይመስላል፤ እንደገና ይጠይቁትና አብራችሁ ይህን አድርጉ። ከሦስቱ ቁጥሮች የመጡትን መልእክቶች አታጥፉ። መጀመሪያ ቁጥሮቹን፣ መልእክቱ መምጣት የጀመረበትን ቀንና የክፍያውን መጠን በደብተር ላይ ጻፉ። ቀጥሎ *804# ደውላችሁ ቀሪ ሂሳቡን እዩና እሱንም መዝግቡት። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቁጥር፣ መልእክቱ በመጣበት በዚያው ቁጥር ላይ፣ «ስቶፕ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በላቲን ፊደል (STOP) ጽፋችሁ መልሱ። ለአንዱ መላክ ሌላውን አያስቆምም፤ ሦስቱም የየራሳቸው ይፈልጋሉ። መሰረዙን የሚያረጋግጥ መልስ ካልመጣ፣ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ ወደ 994 ደውሉ።

ሲደውሉ «ገንዘቤ ጠፋ» ብቻ ብለው እንዳይዘጉት አደራ እላለሁ፤ እንዲህ ሲባል ሠራተኛው የሚሰጠው መልስ አጭር ይሆናል። በእርስዎ ቁጥር የተመዘገቡት አገልግሎቶች በሙሉ እንዲነበቡልዎት ይጠይቁ፤ ልጁ ያላያቸው ሌሎችም ሊኖሩ ይችላሉና። እያንዳንዱ በየትኛው ቀንና በምን መንገድ እንደተመዘገበ ይጠይቁ። ሁሉም እንዲሰረዙ ይንገሩ፤ አቤቱታዎ የተመዘገበበትን ቁጥር ተቀብለው በዚያው ደብተር ላይ ያስፍሩ። በማግስቱና በሳምንቱ ሂሳቡን ደግመው ያዩታል፤ ከተሰረዘ በኋላ የተቆረጠ አንድ ብር ቢኖር እንኳ ከሁሉ የጠነከረ ማስረጃ እሱ ነው።

ማን ይሰማኛል ላሉት፣ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1682 ዝምታ የቀረበን ሐሳብ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይደነግጋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሣ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይሁንና ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1684 አስቀድሞ የቆየ የንግድ ግንኙነት ባላቸው ወገኖች መካከል ዝምታ እንደ ስምምነት የሚታይበት ሁኔታ እንዳለ ስለሚያስቀምጥ፣ ካወቁ በኋላ ዝም ብሎ መቆየቱን አልመክርዎትም። ያወቁት ዛሬ ከሆነ፣ አልፈልግም ማለትዎ በጽሑፍ ወይም በተመዘገበ አቤቱታ የሚታወቀውም ዛሬ ይሁን።

ስለሄደው ገንዘብ፣ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልዎትም፤ ይጠይቁ ግን እላለሁ። የሚወስነው የምዝገባው መዝገብ ነው። ፈቃድ መስጠትዎን የሚያሳይ ነገር ማቅረብ ካልቻሉ፣ ወይም ስቶፕ ካሉ በኋላ ቆርጠው ከሆነ፣ ጥያቄዎ ጠንካራ ነው። የቴሌኮም ድርጅቱ በአግባቡ ካልመለሰልዎት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የደንበኞችን አቤቱታ ያያል፤ ያ ደብተርዎ የሚጠቅመው እዚያ ነው። ልጆችዎም ሲመጡ የስልክዎን መልእክት እንዲያዩልዎት ይንገሯቸው። ይህን ማድረግ ለልጅ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ጥያቄ

«ቆዬ ፈጬ ፎቶ ቤት አለኝ። የሠርግና የምረቃ ፎቶ አነሳለሁ፣ አሳምራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ለ7 ቀን በነጻ የሚሞከር የፎቶ ማሳመሪያ አፕ አውርጄ ካርድ ሲጠይቀኝ፣ አሜሪካ ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ የቪዛ ካርዷን ቁጥር ሰጠችኝ። ለእኔ ሥራ የሚሆን ስላልመሰለኝ በአራተኛው ቀን ከስልኬ አጠፋሁት፤ ያለቀ ነገር ነው ብዬም ረሳሁት። በዓመቱ 60 ዶላር ገደማ እንደተቆረጠባት እንኳ አልነገረችኝም። በመካከሉ ካርዷ ጊዜው አልፎ አዲስ ተሰጣት። ዘንድሮ ደግሞ ከአዲሱ ካርድ ላይ እንደገና ተቆረጠ፤ ያወቅሁትም ለምን እንደሆነ ደውላ ስትጠይቀኝ ነው። አፍሬያለሁ። አዲሱን የካርድ ቁጥር ሳንሰጣቸው ከየት አገኙት? እንዴትስ ላስቆመው?»

ባለ ፎቶ ቤት፣ ከቆዬ ፈጬ

መልስ

እህታችን፣ ጥያቄዎ ሁለት ቢሆንም የመጀመሪያው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ በደንብ ላብራራው።

አፕን ከስልክ ማጥፋት የተከራዩትን ቤት ቆልፎ እንደመሄድ ነው፤ ውሉ እስካለ ድረስ ኪራዩ ይቆጠራል። ስልክዎ ላይ የነበረው መጠቀሚያው ብቻ ነው። ውሉና የካርዱ መረጃ ያሉት ግን በሻጩ ወይም አፑን ባወረዱበት መደብር ዘንድ ነው። «በነጻ ይሞክሩ» የሚለው ቁልፍ ሲነካ የሚሰጠው ፈቃድም ሙከራው ሲያልቅ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ክፍያ እንዲጀምር የሚፈቅድ ነው። በአራተኛው ቀን ማጥፋትዎ ውሉን አልነካውም።

አዲሱን ካርድ ያገኙበት መንገድም የሌብነት አይደለም። ቪዛም ሆነ ማስተርካርድ፣ አንድ ባንክ ለደንበኛው አዲስ ካርድ ሲሰጥ፣ ቀድሞ በዚያ ካርድ በተከታታይ ለሚያስከፍሉ ነጋዴዎች አዲሱን ቁጥርና አዲሱን የማብቂያ ቀን የሚያሳውቁበት አሠራር አላቸው። የተሠራው በመልካም ሐሳብ ነው፤ ካርዱ የተቀየረበት ሰው መብራቱ፣ ስልኩ ወይም ኢንሹራንሱ በድንገት እንዳይቋረጥበት። ይሁንና የማይፈልጉትም ክፍያ በዚያው በር ይገባል። ስለዚህ «ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ በራሱ ይቆማል» የሚለውን ተስፋ ይተዉት።

ለማስቆም በቅድሚያ ፈቃዱ የት እንደተሰጠ ይወቁ። ለዚህ የሚረዳው እህትዎ የባንክ መግለጫ ላይ ከ60ው ዶላር ጎን የተጻፈው ስም ነው። አፕል ወይም ጉግል የሚል ከሆነ ውሉ ያለው አፑን ባወረዱበት መደብር በኩል ነው፤ የአፑ ኩባንያ ስም ከሆነ ግን በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ በተከፈተ አካውንት ነው። ይህን ሳያጣሩ ኢሜይል መጻጻፍ ጊዜ ያባክናል፤ ኩባንያው «ከመደብሩ ጋር ነው» ይልዎታል፣ መደብሩ ደግሞ «በእኛ በኩል አልተከፈለም» ይልዎታል።

የአይፎን ተጠቃሚ ከሆኑ የስልኩን ሴቲንግስ ከፍተው ስምዎን ሲነኩ ሰብስክሪፕሽንስ የሚል ዝርዝር ያገኛሉ። በአንድሮይድ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ከላይ ያለውን የራስዎን ምስል ነክተው ክፍያዎችና ሰብስክሪፕሽኖች ወደሚለው ይገባሉ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ስልክ ወይም ኢሜይል ቀይረው ከሆነ አሁን የሚጠቀሙበት አካውንት ባዶ ሆኖ ሊያሳይዎት ይችላል፤ ያኔ ባወረዱበት በአሮጌው ኢሜይል መግባት አለብዎት። የፎቶ ባለሙያዎች ስልክ ሲሸጡና ሲለውጡ ይህ አካውንት ተረስቶ እንደሚቀር ደጋግሜ አይቻለሁና አስቀድመው ያስታውሱት። ከሰረዙ በኋላ መሰረዙን የሚያሳየውን ገጽ ቀኑ እንዲታይ አድርገው ስክሪንሾት ያንሱ፤ ለእህትዎም ይላኩላት። የእህትዎን ካርድም ከአካውንቱ የክፍያ መንገዶች ውስጥ ያውጡ።

ገንዘቡን ለማስመለስ አፕል ችግር የሚያመለክቱበት የራሱ ገጽ አለው፤ ጥያቄው የሚታየው በእያንዳንዱ ክፍያ ነው። በጉግል በኩል ከተከፈለ፣ ክፍያው ከተፈጸመ 48 ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚላኩት ወደ አፑ ሠሪ ነው። በሚጽፉት ላይ እውነቱን በአጭሩ ያስቀምጡ፤ በዚህ ቀን አጠፋሁት፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልገባሁበትም፣ የዘንድሮው ክፍያ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ ይበሉ። አለመጠቀምዎ በእነሱ መዝገብ ላይ ይታያል። የዘንድሮውን የመለሱ፣ የአምናውን ግን የከለከሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ጥያቄ አያጣብቋቸው፤ የቅርቡን ያስቀድሙ።

ከዚህ በኋላ ያለው የእህትዎ ድርሻ ነው፤ ካርዱ የእሷ፣ ሕጉም የምትኖርበት አገር ስለሆነ። ካርዱ በቀጥታ ከባንክ ሂሳቧ የሚቆርጥ ዴቢት ካርድ ከሆነ፣ የአሜሪካ ሕግ ቀጣዩ ክፍያ ከሚቆረጥበት ቀን ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀድማ ባንኩ እንዳይከፍል እንድታዝዝ ይፈቅድላታል። ክሬዲት ካርድ ከሆነ ደግሞ በ1974 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ስህተት ነው የምትለውን ክፍያ የያዘው መግለጫ ከተላከላት በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቃወም ትችላለች። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌላ ሕግ በኢንተርኔት የሚሸጡ ድርጅቶች ሁኔታውን በግልጽ እንዲያሳውቁ፣ የደንበኛውን ፈቃድ እንዲያገኙና በቀላሉ ማቋረጫ መንገድ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልንገርዎት፦ እህትዎ ለባንኳ «ይህን ክፍያ አላውቀውም፣ ተሰርቄ ነው» እንዳትል። ፈቃዱ ሲጀመር ተሰጥቷል፤ እውነቱ «ፈቃዴን አንስቻለሁ» የሚለው ነው፣ ስክሪንሾቱም የሚደግፈው ይህንኑ ነው። ያልሆነውን ማለት እውነተኛውን አቤቱታ ያበላሻል፤ ካርዷንም ሊያዘጋባት ይችላል።

አፍሬያለሁ ያሉት ልቤን ነክቶታል። በዚህ ጉዳይ የሚታለለው ያልተማረ ወይም ግድየለሽ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አማዞንን ባልከሰሰው ነበር። ክሱ ደንበኞችን በደንብ ሳይረዱት፣ በየጊዜው ለሚከፈልበት የፕራይም አገልግሎት ይመዘግባል፣ መውጫውንም ያወሳስባል የሚል ነበር። ኩባንያው በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፤ ከዚህ ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ነው። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት፣ ጠበቃ ከጎረቤታቸው የሚያገኙ ሚሊዮኖች የገቡበት ነገር ውስጥ እርስዎ ብቻዎን ጥፋተኛ አይደሉም። ዕዳው ግን ዕዳ ነውና ለእህትዎ ለመመለስ ማሰብዎን አከብራለሁ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበረ፣ ያኔ 60 ዶላር ከ3,500 ብር በታች ነበር። ዛሬ ከዚያ ከእጥፍ በላይ ስለሚከብድ ጉዳዩን ለሦስተኛ ዓመት ባያሳድሩት ይሻላል።

ለወደፊቱ፣ የሥራዎ ጠባይ አዳዲስ አፕ መሞከርን የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሙከራውን በጀመሩበት ሰዓት ወዲያው ይሰርዙት። አብዛኛውን ጊዜ የነጻው ቀን እስኪያልቅ መጠቀም ይቻላል። ለመጨረሻው ቀን አይቆዩ፤ በአፕል በኩል የተጀመረ ሙከራ ከማለቁ ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድሞ መሰረዝ አለበት፤ ሠርግ ባለበት ቅዳሜና እሁድ ይህን የሚያስታውስ ባለ ፎቶ ቤት ደግሞ የለም።

ጥያቄ

«ቱሉ ዲምቱ ተከራይቼ ስኖር ኪራዩን በየወሩ 5ኛው ቀን ላይ ከሂሳቤ ወደ አከራዬ የሚያስተላልፍ ቋሚ ትእዛዝ ለባንኬ ሰጥቼ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ወደ ገላን ስቀይር ቁልፉን አስረክቤ፣ ተመራርቀን ተለያየን። ትእዛዙን ማንሳት ግን ረሳሁ። የሁለት ወር ኪራይ ሄዷል። አከራዬ ‹ባንኩ ልኮልኝ ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ፤ ለልጆች ትምህርት ቤት ከፍዬበታለሁ› ይላሉ። ባንኩ ሊመልስልኝ አይገባም?»

የቀድሞ ተከራይ፣ ከገላን

መልስ

ወንድማችን፣ ባንኩ የሚመልስበት ምክንያት አይታየኝም። ቋሚ ትእዛዝ የእርስዎ የራስዎ ትእዛዝ ነው፤ ባንኩ ቤት መልቀቅዎን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። ዛሬውኑ ሂሳብዎ ባለበት ቅርንጫፍ ሄደው ትእዛዙ እንዲነሳ በጽሑፍ ያመልክቱና የደብዳቤውን ግልባጭ ገቢ የተደረገበት ማኅተም አስመትተው ይያዙ። በሞባይል ባንኪንግ ማንሳት የሚቻልበት ባንክ ከሆነም መነሳቱን የሚያሳየውን ገጽ ያስቀምጡ። ሦስተኛው 5ኛ ቀን ከመድረሱ በፊት መሆን አለበት።

ገንዘቡን የሚመልሱት አከራይዎ ናቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2164 የመክፈል ግዴታ ሳይኖርበት የከፈለ ሰው የከፈለውን ማስመለስ እንደሚችል ይናገራል፤ ገንዘቡን ለመልካም ነገር ማዋላቸው የእርስዎ መሆኑን አያስቀረውም። ቢሆንም በክስ አይጀምሩት። የሁለቱን ወር የባንክ መግለጫና ቁልፍ ያስረከቡበትን ቀን የሚያሳይ ነገር፣ መልእክትም ቢሆን፣ ይዘው ይሂዱ፤ አዲስ ተከራይ ከገባ በዚያው ጊዜ ከሁለት ሰው ኪራይ እንደተቀበሉ በእርጋታ ያስረዷቸው። ትምህርት ቤት የተከፈለ ብር በአንድ ቀን አይመለስም፤ በሁለት በሦስት ጊዜ ከፍለው ለመጨረስ ከተስማሙ ስምምነቱ በወረቀት ሰፍሮ፣ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ የሠፈር ሽማግሌ ቢፈርምበት ይበቃል። እምቢ ካሉ ወረቀቶችዎ ለፍርድ ቤትም ይሆናሉ።

በዚህ አጋጣሚ ከኮንዶሚኒየም ባለቤቶች የደረሱኝን ተመሳሳይ ጥያቄዎች አብሬ ልመልስ። ለቤት ብድር ወይም ለኢንሹራንስ በየወሩ የሚቆረጥ ክፍያ ከኪራይ ትእዛዝ የተለየ ነው፤ ከጀርባው የፈረማችሁት ውል አለ። ሂሳብ ባዶ በማድረግ ወይም ደሞዝ ወደ ሌላ ባንክ በማዞር ለማስቆም አትሞክሩ። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄዱ እንዲሸጡ ሥልጣን ስለሚሰጥ፣ አንድ ሰው ክፍያ አቋረጥኩ ሲል ቤቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ችግር ከገጠማችሁ የክፍያ ጊዜው እንዲራዘም አስቀድሞ ባንኩን በጽሑፍ መጠየቅ ነው ያለው መንገድ።

ጥያቄ

«አንድ ሰው ደውሎ ‹ያልተፈለገ ምዝገባ በስልክዎ ላይ አለ፣ ልሰርዝልዎት ነው፤ አሁን የደረሰዎትን ባለ 6 አኃዝ ቁጥር ያንብቡልኝ› አለኝ። እናቴ ከጎኔ ነበረችና ዝጊው አለችኝ፤ ዘጋሁት። እውነት ቢሆንስ እያልኩ እጨነቃለሁ።»

ተማሪ፣ ከለገጣፎ

መልስ

እናትሽ ልክ ናቸው። ምዝገባ ለመሰረዝ የሚስጥር ቁጥርም ሆነ በመልእክት የሚደርስ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም ሰው በስልክ አይነገርም፤ ያ ቁጥር የሚያገለግለው ሰውየው በራሱ ስልክ ላይ የአንቺን አካውንት ለመክፈት ወይም ገንዘብ ለማውጣት ነው። ምዝገባ ካለ ለማወቅ አንቺው ወደ 994 ደውለሽ ጠይቂ፤ ደዋዩ በሰጠሽ ቁጥር መልሰሽ አትደውይ። ይህን የሚያነብ ሰው ቁጥሩን ቀድሞ ተናግሮ ከሆነ ግን ጊዜ ሳያጠፋ የሚስጥር ቁጥሩን ይቀይር፤ ለቴሌብር 127፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951 ደውሎ ሂሳቡን ያሳግድ፤ የተደወለበትን ቁጥርና ሰዓቱን ይዞ በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ጣቢያ ያመልክት።